22 ሰው «አለሁ» ብሏል፤ ገንዘቡን ልያዝ ወይ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ሞተሩ 1300 ሲሲ የሆነ ቮልስ መኪና አለኝ። እሑድ እሑድ የምንገናኝ የቮልስ ወዳጆች ነን። በቅርቡ ከመካከላችን አንዱ ቻይና ካለ ፋብሪካ ጋር ተጻጽፎ፣ ለአዲስ አበባ ከፍታ እንዲስማማ አናቱ ከፍ ያለ ልዩ ፒስተን ከነሲሊንደሩ ሊሠሩልን እንደሚችሉ ነገረን። ነገር ግን ከ30 ሞተር በታች ትዕዛዝ አይቀበሉም። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ፣ ቀሪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው። ሁላችንም የምንነዳው ቮልስ ስለሆነ አንድ ልክ ይበቃናል ብለናል። እስካሁን 22 ሰው «እኔ አለሁ» ብሏል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ገንዘቡ በእኔ ሒሳብ እንዲሰበሰብ ተወሰነ፤ ሁለት ሰዎች ጭራሽ ሳልጠይቃቸው አስገብተዋል። ባለቤቴ «ይቅርብህ» ትላለች። ወረቀት እንፈራረም ብዬ ሳነሣ «በወንድማማች መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ተባልኩና አፈርኩ። ልያዘው ወይስ ልተወው? ብይዘውስ እንዴት? ዕቃው ተበላሽቶ ቢመጣ ዕዳው የእኔ ነው?»

ወንድሜ፣ ሥራውን ያዘው፤ ገንዘቡን ግን በግል ሒሳብህ አትያዝ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባለቤትህም «ይቅርብህ» ያለችው ሁለተኛውን ይመስለኛል። የሚያስተባብር ሰው ከሌለ 22 ሰው ተሰብስቦ አንድ ካንዴላ እንኳ አይገዛም። ወዳጆችህ አንተን መምረጣቸው ክብር ነው። ክብሩን እንደያዝክ እንድትወጣ ነው የምፈልገው።

ደብዳቤህን ሳነብ ከገንዘቡ በላይ ያሳሰበኝ ግን «አንድ ልክ ይበቃናል» የሚለው ነው። አይበቃችሁም። እንዲህ ያለ የጋራ ግዢ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ሌባ ገብቶበት አይደለም። ገዢዎቹ አንድ ዕቃ ያዘዙ እየመሰላቸው እያንዳንዱ በልቡ የየራሱን ዕቃ ሲጠብቅ ይቆይና፣ ጠቡ ሳጥኑ የተከፈተ ቀን ይጀመራል።

የቮልስ ሞተር እዚህ አገር በብዛት የምናገኘው በአራት መጠን ነው። 1200ው የሲሊንደሩ ስፋት 77 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 64 ሚሊ ሜትር ነው። 1300ው ስፋቱ ያው 77 ሆኖ ምልልሱ 69 ነው። 1500ው 83 በ69፣ 1600ው ደግሞ 85.5 በ69 ነው። ካሊፐር ይዞ የሲሊንደሩን አፍ ብቻ የለካ ሰው 1200ውንና 1300ውን አንድ ናቸው ብሎ ይመዘግባል። በምልልስ ግን አምስት ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ የአንዱ ፒስተንና ሲሊንደር ለሌላው አይሆንም። በዚህ ላይ ቮልስ እንደ ብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ሲሊንደሩ ከብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ አይደለም። አራቱም ለየብቻ የሚወልቁ ናቸው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ብሎኩ ውስጥ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፉ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ውስጥ የሚቀመጥበት ክብ፣ የሲሊንደሩ ቁመትና የፒስተኑ ፒን ውፍረት፣ እነዚህ ሁሉ መታወቅ አለባቸው። ፋብሪካው «ቮልስ» ብላችሁ ስትጽፉለት ከእነዚህ አንዱን መርጦ ይሠራል። የመረጠው የማን ሞተር እንደሆነ የምታውቁት ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው።

አንዳንዱ «የሞተሩን ፊደል አይቼ እነግርሃለሁ» ይልሃል። እውነት ነው፣ ከጀነሬተሩ ማቆሚያ ሥር ብሎኩ ላይ የሞተሩ ቁጥር ተመትቷል፤ በላቲን ፊደል «ዲ» ብሎ ከጀመረ 1200፣ «ኤፍ» ከሆነ 1300፣ «ኤች» ከሆነ 1500፣ «ኤዲ» ከሆነ 1600 ነው። ለመነሻ ይጠቅማል። ነገር ግን ፊደሉ የሚነግርህ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። የእኛ አገር ቮልሶች ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ስንት ጊዜ ሞተራቸው እንደወረደ፣ ስንቱ ክራንክሻፍት ከሶማሌ ተራ እንደተገዛ፣ ስንቱ ቴስታታ ከሌላ መኪና እንደተዛወረ ባለቤቱም አያውቅም። የ1300 ብሎክ ላይ የ1600 ሲሊንደርና ቴስታታ ተገጥሞ ዓመታት የነዳ ሰው አለ። ደብተሩ ላይ ያለው መጠን ልክ አይደለም፤ ልክ የሚባለው ማይክሮ ሜትር የሚናገረው ብቻ ነው።

ቮልስን ሞተሩን ሳያወርዱና ቴስታታውን ሳይፈቱ የሲሊንደሩን ልክ ማግኘት አይቻልም። እንግዲህ ከ22ቱ ውስጥ ሞተሩ የወረደለት ወይም ከቅርብ ጊዜ ጥገና የቶርኖ ቤት ልኬት በእጁ ያለው ስንት ነው? በእኔ ግምት ጥቂት ነው። የቀረው «አለሁ» ያለው ለወደፊት ነው፤ ሞተሩ ዛሬም ይነሣል፣ ዛሬም ይሄዳል። ክፍያ ሲመጣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የቤት ኪራይ ቀድሞ ይመጣበታል፣ ፒስተኑ ለከርሞ ይተላለፋል። አልወቅሰውም፤ ማንኛችንም እንዲህ ነን። አንተ ግን ትዕዛዙን በእጅ ማውጣት ከቆጠርክ፣ ለፋብሪካው የገባኸውን ቃል የሚሸከመው ያ ያልወረደ ሞተር ነው።

ስለዚህ ስም ዝርዝርህን እንደገና ጻፈው። በአንድ ዓምድ ስም፣ በሌላው የሞተሩ ልኬት ከነለካው መካኒክ ስም፣ በሦስተኛው የተከፈለ ገንዘብ ይሁን። ሦስቱም ያልተሞላለት ሰው ወዳጅ ነው እንጂ ገዢ አይደለም። ቁጥሩ ከ22 ወደ 9 ቢወርድ አትደንግጥ። ለ9 ሰው የሚሆነውን መንገድ ዛሬ ማወቅ፣ የ30 ሞተር ዋጋ ከከፈሉ በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ልዩው ፒስተን ልምጣ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ እንጦጦን ስትወጣ ቮልስህ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። 1600ው ከፋብሪካ ሲወጣ የመጭመቅ ምጣኔው፣ ማለትም ፒስተኑ የሳበውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው፣ 7.5 ለ1 አካባቢ ነበር። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያ ከፍ ቢደረግ ሞተሩ ነዳጁ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሳያንኳኳ ይሸከመዋል፣ ጉልበትም ይጨምራል። እስከዚህ ወዳጃችሁ ትክክል ነው።

መኪናው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ አይቀርም። አዋሽ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ለእንጦጦ ተብሎ የተሠራ ፒስተን በቆላው ሙቀት፣ ሙሉ ቤተሰብ ጭኖ፣ በረጅሙ መንገድ ሲነዳ ማንኳኳት ይጀምራል። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ቁጥር 3 ሲሊንደር ላይ ሊደርስ የሚገባውን ነፋስ ይሻማል፤ ቀድሞ የሚቃጠለውም እሱ ነው። ከ22ቱ መካከል ለቁልቢ ገብርኤል በቮልሱ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ አንድ ሰው ቢኖር፣ ይህን ሳይነገረው ገንዘቡን መቀበል አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ የምትፈልጉትን ጉልበት ለማግኘት ልዩ ትዕዛዝ የግድ አይደለም። የቮልስ ምርት ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪቆም ድረስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ስለዚህ ፒስተንና ሲሊንደሩ ዛሬም በመደበኛ ልክ እየተሠራ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። 85.5 አለ። ለ1600 ብሎክና ቴስታታ ሳይቆረጥ የሚገባ 87 ሚሊ ሜትርም አለ፤ ሞተሩን 1641 ያደርገዋል፣ የመጭመቅ ምጣኔውንም ራሱ በጥቂቱ ያነሣዋል። ለ1200 ሞተር 83 ሚሊ ሜትር ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ 1385 ያደርገዋል። 88 ሚሊ ሜትር «ሳይቆረጥ ይገባል» እየተባለ ሲቀርብላችሁ ግን እንቢ በሉ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚሳሳ በሙቀት ቅርጹን ይለውጣል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) መያዝ ያቅተዋል። ከዚያ በላይ ያሉት 90.5 እና 92 ብሎኩንም ቴስታታውንም መቁረጥ ይጠይቃሉ።

የመጭመቅ ምጣኔን ማስተካከል ደግሞ የፒስተን ፋብሪካ ብቻ ሥራ አይደለም። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በእሱና በሲሊንደሩ አፍ መካከል የሚቀረው ክፍተት፣ እንዲሁም ቴስታታው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ስንት ሲሲ እንደሚይዝ ተለክቶ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ጥሩ ቶርኖ ቤት በሚገኝ የብረት ሥራ ለእያንዳንዱ መኪና በየፊናው ይስተካከላል። የካርቡራቶሩን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ለከፍታው ማሳነስ ብቻውን እንኳ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ይሄኛው መንገድ እንጦጦ ለሚውለውም፣ ድሬዳዋ ለሚወርደውም ለየራሱ ልክ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ምክሬን ግልጽ ላድርገው፦ ግዢውን ወደ መደበኛ ልክ ለውጡት። 30 ሞተር የሚል ግዴታ ከጫንቃችሁ ይወርዳል፤ 9 ብትሆኑም 12 ብትሆኑም ትገዛላችሁ። አንድ ሰው መሐል ላይ ቢቀር የእሱ ድርሻ ለሌላ ባለ ቮልስ ይሸጣል። ልዩ ትዕዛዝ ግን በእናንተ ስዕል የተሠራ ስለሆነ ፋብሪካው አይመልሰውም፤ ከእናንተ ውጭም ፈላጊ የለውም።

ይህን ሁሉ ሰምተው «የለም፣ ልዩው ነው የምንፈልገው» ካሉ መብታቸው ነው። እንግዲያው ከጅምላው በፊት የአንድ ሞተር ናሙና ይሠራ። ዋጋው ይወደዳል፤ ለአንድ ሞተር ሁለት እጥፍ ብትከፍሉም ለሁላችሁ ተካፍሎ ትንሽ ነው። ናሙናው ከመታዘዙ በፊት ልኬቶቹ በሙሉ በወረቀት ስዕል ይውጡ፣ ምን ያህል መብለጥና ማነስ እንደሚፈቀድ ከጎኑ ይጻፍ፣ ቀን ይኑረው፣ ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ይፈርምበት። በስልክ የተላከ ፎቶና «እንደዚህ ያለ» የሚል መልእክት ስዕል አይደለም።

ናሙናው ሲመጣ የሚጠየቀው «ያምራል ወይ» አይደለም። አራቱ ፒስተኖች በሚዛን ይመዘኑ፤ በአንድ ሞተር ውስጥ ባሉት መካከል ልዩነቱ ከ10 ግራም መብለጥ የለበትም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ለአዲስ ዕቃ ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከጠበበ ሲሞቅ ይነክሳል፣ ከሰፋ ዘይት ይበላል። ፋሻው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፉ ክፍተት ይለካ። ከዚያ ሞተሩ ቀድሞ የወረደለት አንድ ፈቃደኛ ሰው መኪና ላይ ይገጠም፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል ወደ ቆላ ወርዶ ይመለስ፣ የአራቱም ሲሊንደር ግፊት ተለክቶ ይጻፍ። የዚያ ሰው ድርሻ ዋጋ ቢቀነስለት ተገቢ ነው፤ የሁላችሁን አደጋ እሱ ተሸክሟል። ይህ ወራት ይወስዳል። የሚቸኩል ካለ መደበኛውን ይግዛ።

ክፍያውንም ከፋብሪካው ጋር ተደራደሩበት። ግማሽ በቅድሚያ ከፍ ያለ ነው፤ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ 70 በመቶ ከመጫኑ በፊት የሚል አሠራር የተለመደ ነው። ከመጫኑ በፊት የሚከፈለውም የሚከፈለው ዕቃው በእናንተ ወገን ሰው ታይቶ፣ ከጥቂት ሳጥኖች ወጥቶ ተለክቶ መሆኑ በውሉ ይግባ። የቻይናው ጓንግዡ ከእኛ ነጋዴዎች እግር የራቀ ከተማ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በቀጥታ ይበራል። ማይክሮ ሜትር ማንበብ የሚችል ሰው በአገልግሎት ክፍያ ሄዶ እንዲያይላችሁ ማድረግ ይቻላል።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ አንደኛ ነገር ያ ሁለት ሰው ያስገባው ገንዘብ ዛሬውኑ ይመለስ፤ በባንክ በኩል፣ ምክንያቱም እዚያው ላይ ተጽፎ። አንተ የባንክ ሠራተኛ ነህ። የብዙ ሰው ገንዘብ በግል ሒሳብህ ገብቶ ወደ ውጭ ግዢ ሲወጣ የምትሠራበት ቤት ማብራሪያ ቢጠይቅህ ትክክል ነው። ወዳጆችህ ያንን እንደ ዋስትና አይተውት ይሆናል፤ ለአንተ ግን ከሌላው ሰው የበለጠ አደጋ ነው።

ሦስት ሰው ምረጡ፣ በስማችሁ የጋራ ሒሳብ ይከፈት፣ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ይሁን። ከሦስቱ አንዱ ከ«ወረቀት ምን ያስፈልጋል» ባዮቹ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፊርማውን ሲያኖር ጉዳዩን በሌላ ዓይን ያየዋል። በየሳምንቱ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው ለሁሉም ይድረስ።

ሌላው የማይዘለለው፣ ግለሰቦች ተሰባስባችሁ የ30 ሞተር ዕቃ በስማችሁ ማስገባት አትችሉም፤ የአስመጪ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ያ ማለት ደረሰኙም የጉምሩክ ሰነዱም በእሱ ስም ይሆናል፤ በወረቀት ዕቃው የእሱ ነው። ስለዚህ ከአስመጪው ጋር የምትዋዋሉት ውል ከፋብሪካው ጋር ካለው አይተናነስም፦ ኮሚሽኑ ስንት ነው፣ ዕቃውን በስንት ቀን ያስረክባል፣ ጉምሩክ ላይ ቢቆም የመጋዘኑን ኪራይ ማን ይከፍላል። ክፍያው በባንክ ይሂድ። የገንዘቡ መጠን ከፍ ካለ ኤልሲ (በባንክ በኩል የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ይከፈት፤ የባንኩ ክፍያ ያማርራል፣ ነገር ግን ፋብሪካው ሰነዱን ሳያሟላ ገንዘቡን አያገኝም። «በጎን በኩል ዶላሩን እልክላችኋለሁ» የሚል ወዳጅ ቢመጣ አመስግነህ አልፈው። ሕገ ወጥ መሆኑ ሳያንስ፣ ዕቃው ቢበላሽ ከፍላችሁ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ወረቀት በእጃችሁ አይኖርም።

ዋጋውን ስታሰላ ከፋብሪካው ዋጋ አትነሣ። ቀረጡ የሚሰላው ዕቃው፣ ማጓጓዣውና መድኑ ተደምሮ ነው። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡ ከተጨመረበት በኋላ ባለው ድምር ላይ ይመጣል። ለስሌት ያህል ዕቃው ከነማጓጓዣው 10,000 ብር፣ ቀረጡ 20 በመቶ ነው ብንል፣ ታክሱ የ10,000 ሳይሆን የ12,000 ብር 15 በመቶ፣ ማለትም 1,800 ብር ይሆናል። ከዚህ ሌላ የሚታከሉ ክፍያዎች አሉና ትክክለኛውን መጣኔ ሰው ገንዘብ ከማዋጣቱ በፊት ከትራንዚተር (ከጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) በጽሑፍ ተቀበል። የምንዛሪውንም አትርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ግማሹን ከፍሎ ግማሹን ይጠብቅ የነበረ አስመጪ ምን እንደደረሰበት አስበው። ስለዚህ ዋጋው በዶላር ይነገር፣ ብሩ በክፍያው ቀን ምንዛሪ ይሰላ፣ ጭማሪ ቢመጣ እያንዳንዱ በድርሻው እንደሚሸፍን አስቀድሞ ይፈረም።

«ዕዳው የእኔ ነው?» ብለሃል። መልሱ ወረቀቱ ላይ ነው ያለው። ወረቀት ከሌለ፣ ገንዘቡን የተቀበልከው አንተ፣ ለፋብሪካው የከፈልከው አንተ፣ ዕቃውን አመጣለሁ ያልከው አንተ ነህ፤ ከሻጭ የሚለይህ ነገር የለም። ወረቀት ካለ ግን ወኪል ነህ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ይደነግጋል። ወኪል በቅን ልቦናና በትጋት መሥራት፣ ስለተቀበለው ሁሉ ሒሳብ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የፋብሪካው ጥፋት ግን በራሱ የወኪሉ ዕዳ አይሆንም። ስለዚህ ገዢዎቹ ለሦስታችሁ ውክልና ይስጡ፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ብታጸድቁት ይበልጥ ይጠነክራል። የልኩ ስዕል ከውሉ ጋር ተያይዞ እያንዳንዱ ይፈርምበት፤ «እኔ የጠበቅሁት ሌላ ነበር» የሚለው ክርክር የሚዘጋው እዚያ ነው። ዕቃው ጉድለት ቢኖርበት ከፋብሪካው የሚገኘው ካሣ በድርሻ እንደሚከፋፈል፣ ኪሳራውም እንዲሁ እንደሚከፋፈል ይጻፍ። መሐል ላይ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ምትክ ሲተካ እንደሆነም ይጻፍ። ለስልክ፣ ለትራንስፖርት፣ ለጊዜህ የምትቀበለው ነገር ካለ እሱም በግልጽ ይስፈር፤ ያልተነገረ ጥቅም ትንሽ ቢሆንም ሰው ያቀያይማል።

ስለ ማፈርህ ደግሞ ይህን ልበልህ። እቁብ ስንጥል ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ከባዕድ ጋር ሳይሆን ከጎረቤታቸው ጋር ነው። ዋስ በመጠራቱ የተቀየመ ሰው አላየሁም። ያውም የእቁብ ገንዘብ ከሰፈር አይወጣም፤ የእናንተ ባሕር ተሻግሮ የማታውቁት ሰው እጅ ይገባል። «ሲያልቅ አያምር» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሲጀመር ስላልተጻፈ ነው። ወረቀቱን የምታነሣው ስለማታምናቸው እንዳልሆነ ንገራቸው። ፋብሪካውን ስለማታውቁት፣ ከመካከላችሁ አንዱ ቢታመም ወይም ቢሞት ቤተሰቡ የሚይዘው ነገር እንዲኖር ነው። ለባለቤትህም ይህንኑ ወረቀት አሳያት፤ «ይቅርብህ» ያለችው የቤታችሁ ገንዘብና ስምህ አብረው እንዳይሄዱ ነውና ማየት ይገባታል።

ለጓደኞችህ የምትልከው መልእክት ቢቸግርህ፣ ከዚህ ጀምር፦

«ወንድሞቼ፣ ስለ አመናችሁኝ አመሰግናለሁ። ማስተባበሩን እቀበላለሁ፤ ገንዘብ ግን በእኔ ሒሳብ አይገባም። ያስገባችሁ ሁለታችሁ ዛሬ መልሼላችኋለሁ። እሑድ ስንገናኝ ሦስት ነገር እንወስን። አንደኛ፣ ልዩውን ፒስተን ነው የምንገዛው ወይስ መደበኛውን? ሁለቱም ያላቸውን ጥቅምና አደጋ ጽፌ አመጣለሁ፤ መካኒክም አብሮን ይኖራል። ሁለተኛ፣ የጋራ ሒሳብ የሚከፍቱ ሦስት ሰዎች እንምረጥ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ የወረደለት ወይም የቶርኖ ቤት ልኬት ያለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። የሌላችሁ፣ ሞተራችሁ ሲወርድ እንመዘግባችኋለን፤ እስከዚያ ግን ገንዘብ አንቀበላችሁም። ሲሟላ ስንት እንደሆንን እንቆጥርና፣ ለፋብሪካው የምንጽፈው ያኔ ይሆናል።»